በጉርምስና ዘመን ስለሚደርስ የልብ ጭንቀት፥ ጭንቀቱም በምክር ስለ መታከሙ

ጉርምስና ማለት ልጅ ልጅነቱን ለቆ፥ ሙሉ ሰው ለመሆን ግን ገና ሳይደርስ፥ በመካከል የሚቆይበት ዘመን ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ከ10 ዓመት እስከ 19 ዓመት ያለውን ዕድሜ በዚህ ስም ይቈጥረዋል። በዚህ ዘመን ቁመት በድንገት ይጨምራል፤ የወንዱ ድምፅ ይጐረንናል፤ ሴቲቱም የወር አበባ ታያለች፤ ይህን ወላጅ ሁሉ ያውቀዋል። የማይታየው ግን የአእምሮ ለውጥ ነው። ደስታንና ቍጣን ፍርሃትንም የሚያነሣሣው የአንጐል ክፍል በዚህ ጊዜ ፈጥኖ ይበረታል፤ ከግንባር በስተኋላ ያለው፥ አስቀድሞ የሚያስበውና የሚገታው ክፍል ግን እስከ 25 ዓመት ገደማ ሲበስል ይቆያል። ስለዚህ ጐረምሳ ዛሬ በተናገረው ነገ ቢጸጸት፥ በትንሽ ነገር ቢያለቅስ፥ ጠባዩ ከፍቷል ተብሎ ወዲያው ሊፈረድበት አይገባም። ሌሊት አልተኛም፥ ጧት አልነሣም ማለቱም ሁልጊዜ ስንፍና አይደለም፤ በዚህ ዕድሜ እንቅልፍ ራሱ አምሽቶ ይመጣልና።

ይህ የተፈጥሮ ሥራ ስለ ሆነ ለብዙዎቹ ልጆች በጊዜው ያልፋል። ነገር ግን ያው ድርጅት እንደሚገልጸው በዚህ ዕድሜ ካሉት 7 ልጆች አንዱ የአእምሮ ሕመም አለበት። ዳግመኛም ከ15 እስከ 29 ዓመት ባሉት ሰዎች ላይ ሞት ከሚያመጡት ምክንያቶች ራስን ማጥፋት በዓለም ሁሉ ሦስተኛው ነው። በዚህ ሒሳብ 60 ተማሪዎች በተቀመጡበት ክፍል ፊት የሚቆም መምህር፥ 8 ወይም 9 የሚሆኑት በልባቸው የተሸከሙትን ሳያውቅ ዓመቱን ሊጨርስ ይችላል።

አዳማና በስምጥ ሸለቆው ውስጥ ያሉት ሌሎቹ ከተሞች፥ ሞጆ፥ መቂ፥ ባቱ፥ ሻሸመኔ፥ የመንገድ ከተሞች ናቸው። ሰው ከየአገሩ ለሥራና ለንግድ ይመጣባቸዋል። ከዙሪያው ገጠር የመጣ ተማሪም ከሁለትና ከሦስት ባልንጀሮቹ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ፥ ከቤቱ ስንቅ እየተላከለት ያድራል። ቢታመም አይዞህ የሚለው፥ ቢያመሽ የት ነበርህ የሚለው የለም። ከደጁ ጫት ቤት አለ፤ ከጫት ቤቱ አጠገብ የኳስ ውርርድ ቤት አለ፤ በእጁም ስልክ ይዟል። ሴት ልጅ እንደ ሆነች ደግሞ የቤቱ ሥራ፥ የጋብቻው ጥያቄ፥ ወደ ዐረብ አገር ሂጂ የሚለውም ግፊት ይጨመርባታል።

በኦሮሞ የገዳ ሥርዓት ሰው በየ8 ዓመቱ ከአንዱ እርከን ወደ ሌላው ይሻገራል፤ ልጁም በየዕድሜው ምን እንደሚጠበቅበት ያውቃል፥ የሚሻገረውም ብቻውን ሳይሆን ከእኩዮቹ ጋር ነው። በከተማ ተከራይቶ ለሚኖር ተማሪ ግን የመሻገሪያው ደጅ ፈተና ብቻ ሆኖ ቀርቷል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተሰጥቶ ውጤቱ በተነገረ ጊዜ፥ 900 ሺህ ከማይሞሉት ተፈታኞች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ፤ በተከታዩም ፈተና ከመቶ 3.2 ሆኑ። ፈተናው መጥበቁ ይገባል አይገባም የሚለው ክርክር ሌላ ስፍራ አለው። ነገር ግን ከ100 ልጆች ከ96 የሚበልጡት በአንድ ቀን አላለፋችሁም ሲባሉ፥ እያንዳንዱ ልጅ ውድቀቱን የብቻው ዕፍረት አድርጎ ወደ ቤቱ ተሸክሞት ገባ።

የተጨነቀ ጐረምሳ አዝኛለሁ ብሎ አይናገርም። ራሴን ይወጋኛል፥ ሆዴን ይቆርጠኛል፥ ጕልበቴ ዛለ ይላል እንጂ። ወደ ጤና ጣቢያ ቢሄድም የራስ ምታት ኪኒን ተቀብሎ ይመለሳል። በወንዶቹ ዘንድ ኀዘኑ ብዙ ጊዜ በቍጣና በጠብ ይገለጣል፤ ያን ጊዜም መምህሩ ባለጌ ይለዋል፥ አባቱም ይመታዋል፥ ጐረቤቱም ዛር ሠፈረበት ይላል። ስለዚህ ምልክቱን በጊዜው ማወቅ ይገባል። በትምህርቱ ብርቱ የነበረው በድንገት ቢደክም፥ ኳስ የሚወደው ከሜዳ ቢቀር፥ ምግብ ቢጠላ፥ ከባልንጀሮቹ ቢለይ፥ ይህም ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ቢቆይ፥ ልጁን መጠየቅ እንጂ መቈጣት አያስፈልግም። የሚጠየቅበትም ቋንቋ ሊታሰብበት ይገባል፤ በአማርኛ ሲጠየቅ ደኅና ነኝ ብሎ የመለሰ ልጅ፥ በእናቱ ቋንቋ በአፋን ኦሮሞ ሲጠየቅ ሊያለቅስ ይችላል።

የምክር ሕክምና የሚባለው የሠለጠነ ሰው ከተጨነቀው ጋር በተወሰነ ቀንና ሰዓት እየተገናኘ፥ በንግግር ብቻ ጭንቀቱን የሚያቀልበት ሥራ ነው። ነገር ግን ምክር የሚለው ቃል እንዳያሳስት መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በአገራችን ልማድ ምክር ማለት ትልቁ ተናግሮ ትንሹ የሚሰማው ነው፤ በዚህ ሕክምና ግን የሚናገረው ትንሹ፥ የሚሰማው ትልቁ ነው። ለሽማግሎች ከሁሉ የሚከብደው ይኸው ነው።

ሽማግሎች ይህ ለእኛ አዲስ አይደለም ቢሉ ግማሹን እውነት ይናገራሉ። ጃርሱማ በሚባለው ዕርቅ ላይ በትዕግሥት መስማትን ከማንም ይልቅ ያውቁበታል። ነገር ግን ዕርቅ በአደባባይ በጥላ ሥር ይደረጋል፥ በመጨረሻውም ፍርድና ካሣ አለው፤ የጐረምሳ ጭንቀት ግን በስውር ይሰማል፥ ፍርድም የለበትም። የንስሐ አባትም ምሥጢር ይጠብቃል፤ ይህ መጠበቁ ለዚህ ሥራ መልካም ምሳሌ ነው። ቢሆንም ንስሐ ስለ በደል ይጠይቃል፤ ይህ ሕክምና የሚጠይቀው ስለ ሕመም ነው። ልጁ ምን አጠፋህ ተብሎ የሚጠየቅ ከመሰለው ሁለተኛ አይመጣም።

አሮን ቤክ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ዓመታት ከሕሙማኑ እንደ ተመለከተው፥ ሰውን የሚያስጨንቀው የደረሰበት ነገር ብቻ ሳይሆን ስለ ነገሩ በልቡ ለራሱ የሚናገረው ቃል ነው። ከዚህም የተነሣ ሕሙሙ ያንን ቃል እንዲያወጣና እውነት መሆኑን እንዲመረምር የሚያደርግ ሕክምና አቆመ። ዛሬ ለወጣቶች ከሚሰጡት ሕክምናዎች በብዙ ጥናት ተፈትኖ ረድቶ የተገኘው ይህ ነው።

ለምሳሌ ያህል ከመቂ አጠገብ ካለ ገጠር መጥቶ የሚማር የ16 ዓመት ልጅ ይታሰብ። ከአንድ ወር ወዲህ ዝም ብሏል፤ ደብተሩም ባዶ ነው። መምህሩ ከትምህርት በኋላ ሰው በሚያያቸው፥ ነገር ግን በማይሰማቸው ስፍራ ያስቀምጠዋል። «ልቈጣህ አይደለም ልጄ፥ ልሰማህ ነው» ይለዋል። ልጁ «ምንም አልሆንኩም፥ መምህር» ይላል። መምህሩ አይጫነውም፤ «እሺ፥ ሐሙስ በዚሁ ሰዓት እዚህ እገኛለሁ» ብሎ ይለየዋል፥ ሐሙስም ይገኛል። ቃሉን ጠብቆ መገኘቱ ከብዙ ተግሣጽ ይልቅ ይሠራል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ልጁ «እኔ ደንቆሮ ነኝ፥ አባቴ በሬውን ሸጦ በከንቱ ነው የሚያስተምረኝ» ይላል።

እዚህ ላይ ብዙ መምህራን ይሳሳታሉ፤ «አይዞህ፥ አንተ ጐበዝ ነህ» ብለው ይዘጉታል። ልጁም አልሰሙኝም ብሎ ያስባል። ይልቁንስ «ደንቆሮ ነኝ ማለት የጀመርኸው ከመቼ ወዲህ ነው? እንዲህ ያልመሰለህ ቀንስ ኖሮ ያውቃል?» ተብሎ ይጠየቅ። አስቦ አስቦ በበጋ የአባቱን የሽንኩርት ሽያጭ በልቡ ሲያሰላ የነበረው እርሱ እንደ ነበር ያስታውሳል። ያ ሰው ደንቆሮ ነበርን? መልሱን ራሱ ይስጥ። ከዚያ በኋላ የሚያስጨንቁትን ነገሮች በወረቀት ላይ አንድ በአንድ ያስጽፉት። የቤት ኪራይ አለ፥ የእንግሊዝኛ ትምህርት አለ፥ ከአባቱ ጋር መነጋገር ማፈሩ አለ። ከእነዚህ እርሱ የመረጠው አንዱ ብቻ ይያዝ። ስለዚያው አንድ ነገር ማድረግ የሚቻለውን ሁሉ፥ ሞኝነት የሚመስለውንም ጭምር ይቈጥርና አንዱን መርጦ በሳምንቱ ውስጥ ይሞክረው። ቢሳካም ባይሳካም ሐሙስ ተመልሶ ይናገር። ከዚህም ጋር ትቶት የነበረውን ኳስ በሳምንት አንድ ቀን እንዲጫወት ያድርጉት፤ ፈቃዱ እስኪመጣ ቢጠብቅ አይመጣምና፥ ሥራው ቀድሞ ደስታው ይከተላል።

በሕንድ ዋና ከተማ በኒው ዴልሂ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች እንዲህ ያለው ሥራ ተፈትኗል። መካሪዎቹ ሐኪሞች አልነበሩም፤ ጥቂት ሥልጠና ያገኙ የኮሌጅ ምሩቃን ነበሩ፥ ተማሪውን የሚያገኙትም አራት ወይም አምስት ጊዜ ለግማሽ ሰዓት ያህል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመው ውጤት ተማሪዎቹ ራሳቸው ችግሬ ብለው የጠሩት ነገር፥ መጽሐፍ ብቻ ከተሰጣቸው ጓደኞቻቸው ይልቅ ቀሎላቸው ተገኘ፤ በጠቅላላው የሕመም ምልክት ግን ጐልቶ የሚታይ ልዩነት አልነበረም። እንግዲህ መምህር በዚህ መንገድ ብዙ ሊረዳ ይችላል፥ ሁሉን ግን አይፈውስም። በዚምባብዌም ዲክሰን ቺባንዳ የተባለ የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በሐራሬ ከተማ አሮጊቶችን አሠልጥኖ በየጤና ጣቢያው ግቢ በእንጨት አግዳሚ ላይ አስቀመጣቸው። የአገሩ ሰው ሕመሙን በሾና ቋንቋ «ኩፉንጊሲሳ» ይለዋል፤ ትርጓሜውም ሐሳብ ማብዛት ነው። በጥናቱ የተመረመሩት አዋቂዎች ቢሆኑም፥ ከስድስት ወር በኋላ የሕመማቸው ምልክት እጅግ ቀንሶ ታይቷል።

ምሥጢር መጠበቅ የሥራው መሠረት ነው፤ ገደብ ግን አለው። ልጁ ሊሞት ቢያስብ፥ ልጅቱ ተደፍራ ወይም ያለ ዕድሜዋ ልትዳር ቢሆን፥ ዝም ማለት አይገባም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ከ18 ዓመት በታች የሆነችን ልጅ ማግባት ወንጀል አድርጎታል። ይህ ገደብ ለልጁ ገና በመጀመሪያው ቀን ይነገረው። ለሴት ልጅም ሴት መምህርት ብትገኝ ይመረጣል።

ሰው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ፥ ቀናት ሙሉ የማይተኛ፥ ወይም መሞትን የሚያነሣ ልጅ በመምህር እጅ የሚቆይ አይደለም፤ በዚያው ቀን ከዘመድ ጋር ወደ አዳማ ሆስፒታል ወይም በአቅራቢያው ወዳለው ሆስፒታል ይሂድ። ጠበል የሚወስዱትም ወላጆች የሐኪሙን መድኃኒት እንዳያስቆሙት በትሕትና ይነገራቸው። በቀድሞ ዘመን የአእምሮ ሕመምተኛ መድረሻው በአዲስ አበባ ያለው የአማኑኤል ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ የአእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ዛሬም ሐኪሞቹ ለሕዝቡ አይበቁም።

ስለ ሞት የተጠረጠረን ልጅ «መሞት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አያስጀምረውም፤ ብዙዎች በተጠየቁ ጊዜ ዕፎይ ይላሉ። በመቂና በባቱ ዙሪያ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለሙ ገበሬዎች ደግሞ የተባይ መድኃኒት በቤታቸው ያኖራሉ። የብርቱ ጭንቀት ሰዓት አጭር ነው፤ በዚያ ሰዓት መርዝ በእጅ ካልተገኘ ብዙዎች ይተርፋሉ። በስሪላንካ እጅግ መርዘኛ የሆኑት የተባይ መድኃኒቶች በሕግ ከተከለከሉ ወዲህ ራሳቸውን የሚያጠፉት ሰዎች ቍጥር በብዙ ቀንሷል። ስለዚህ መድኃኒቱ በተቈለፈ ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ፥ ቁልፉም በአባት ወይም በእናት እጅ ይሁን። መምህሩ ወይም ሽማግሌው የተጨነቀውን ልጅ ቤት ሲጐበኝ ከሰላምታ ቀጥሎ ይህን ይጠይቅ፤ ቁልፍ ከሌለም መድኃኒቱ በዚያው ቀን ወደ ሌላ ዘመድ ቤት ይዛወር።