አርዮስን የረታው ክርክር ነበር ወይስ ዙፋን?



ከክርስቲያን ጎረቤቶቻችንና የሥራ ባልደረቦቻችን ጋር ስለ ሃይማኖት ስንጨዋወት የአርዮስ ስም መነሳቱ አይቀርም። አንዳንድ ወንድሞች «አርዮስ እኮ የኛው ነበር፤ ዒሳ (ዐ.ሰ) ነቢይ ብቻ ነው ስላለ አወገዙት» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ «ወንጌሎቹ የተመረጡት እሱ በተወገዘበት በኒቅያ ጉባኤ ነው» ሲሉ ይሰማሉ። ሁለቱም አባባሎች ከታሪክ ጋር አይገጥሙም። ባልተጣራ ወሬ ላይ የቆመ ክርክር ሐቅን አያገለግልም፤ ተናጋሪውንም ያሳፍራል። ስለዚህ ዛሬ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው።

ለመሆኑ አርዮስ ማን ነበር? በግብፅ በእስክንድርያ ከተማ ያገለግል የነበረ ቄስ ነው። እ.ኤ.አ በ318 ገደማ ከከተማይቱ ጳጳስ ከእለእስክንድሮስ ጋር ተጋጨ። ትምህርቱ ባጭሩ እንዲህ ነበር፦ መጀመሪያ የሌለው አብ ብቻ ነው፤ ወልድ ግን ከሌሎች ፍጥረታት ሁሉ በፊት ቢሆንም የተፈጠረ ነው፤ ስለዚህ ከዘላለም የነበረ አይደለም። የጳጳሱ ወገኖች በበኩላቸው አብ ያለ ወልድ የኖረበት ጊዜ የለም፣ ወልድ ፍጡር ከሆነማ እንዴት ይመለካል? ሲሉ ተከራከሩ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ! አርዮስ ወልድን ፍጡር ቢለውም፣ ዓለም የተፈጠረው በእርሱ አማካይነት ነው ብሎ ያስተምር ነበር። ሞቱንና ትንሣኤውንም አልካደም። የኛ እምነት ግን ዒሳ (ዐ.ሰ) ከመርየም የተወለደ የአላህ ባሪያና መልእክተኛ መሆኑ ነው። ከዓለም በፊት የነበረና ዓለም በእርሱ በኩል የተፈጠረ የሚል ነገር በእስልምና የለም። እንግዲህ አርዮስን «ሙስሊም» ማድረግ ያላለውን አለ ማለት ነው።

ወደ ኒቅያ እንለፍ። ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ በ324 ተቀናቃኙን ሊኪኒዮስን ድል አድርጎ የሮምን ግዛት ጠቀለለ። ገና አንድ ያደረገው አገር በካህናት ጠብ ሲከፈል ማየት አልፈለገም። በ325 ጳጳሳቱን በመንግሥት ወጪ በዛሬዋ ቱርክ በምትገኘው ኒቅያ ሰበሰበ። የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ቁጥራቸውን 318 ያደርገዋል፤ በአገራችን «ሠለስቱ ምዕት» የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ጉባኤው ወልድ ከአብ ጋር በባሕርይ አንድ ነው የሚል የእምነት መግለጫ አወጣ። አርዮስና አንፈርምም ያሉ ሁለት የሊቢያ ጳጳሳት ተጋዙ። ንጉሡም የአርዮስ ጽሑፎች እንዲቃጠሉ፣ ደብቆ የተገኘም በሞት እንዲቀጣ አዘዘ። ዛሬ የአርዮስን ቃል በአብዛኛው የምናገኘው ባላጋራዎቹ ሊነቅፉት ሲሉ ከጠቀሱት ላይ ነው።

የመጻሕፍቱ ምርጫስ? ጉባኤው ካወጣቸው 20 ቀኖናዎች ውስጥ ስለዚህ የሚናገር አንድም የለም። ዛሬ የሚታወቁትን 27 የአዲስ ኪዳን መጻሕፍት አንድ በአንድ የዘረዘረው የእስክንድርያው ጳጳስ አትናቴዎስ በ367 የጻፈው ደብዳቤ ነው።

ታዲያ ጠቡ በኒቅያ አበቃ? ፈጽሞ አላበቃም። ቆስጠንጢኖስ ራሱ ጥቂት ቆይቶ አርዮስን ከግዞት መለሰው። በ335 ደግሞ ተራው የአትናቴዎስ ሆነና ወደ ሩቅ ምዕራብ ተጋዘ። አርዮስ በ336 በቁስጥንጥንያ ሞተ፤ በ337 ግን ቆስጠንጢኖስን በሞት አልጋው ላይ ያጠመቀው የአርዮስ ወዳጅ የነበረው የኒቆምዲያው አውሳብዮስ ነበር! ልጁ ቆንስታንቲዮስም የኒቅያን ተቃዋሚዎች ደገፈ። አትናቴዎስ በዘመኑ አምስት ጊዜ ተሰደደ፤ በስደት ያሳለፈው ሲደመር 17 ዓመት ይሆናል።

የዚህ ጠብ ክንድ እስከ አገራችን ደርሷል። በ356 ገደማ ቆንስታንቲዮስ ለአክሱም ገዢዎች ለኢዛናና ለወንድሙ ለሳይዛና ደብዳቤ ላከ። በአትናቴዎስ የተሾመው ፍሬምናጦስ፣ አባ ሰላማ የሚባለው ማለት ነው፣ ወደ እስክንድርያ ተመልሶ በአዲሱ ተሿሚ በጊዮርጊስ እንዲመረመር ጠየቀ። ደብዳቤውን አትናቴዎስ ራሱ በጽሑፉ ውስጥ አስቀምጦታል። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ የምትደግመው ግን የኒቅያን ጸሎተ ሃይማኖት ነው።

እንግዲህ ያሸነፈው ዙፋን ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ዙፋን ብቻውን ቢበቃ ኖሮ በቆንስታንቲዮስ ዘመን የኒቅያ ወገን በጠፋ ነበር። አትናቴዎስና የቀጰዶቅያ ሊቃውንት ጽፈው፣ ተከራክረው፣ ያመነታውን አሳምነዋል። ይሁን እንጂ መዝጊያውን የዘጋው መንግሥት ነው። ንጉሥ ቴዎዶስዮስ በ380 የኒቅያን እምነት በአዋጅ ደነገገ፤ በ381ም የቁስጥንጥንያ ጉባኤ አጸናው። የተቃዋሚዎቹ አብያተ ክርስቲያናት ተወሰዱባቸው። ሆኖም የአርዮስ ወገን እምነት በጎቶች ዘንድ ዘልቆ፣ የእስፓኝ ጎቶች በይፋ የተዉት በ589 ነበር። አዋጅ አፍን ዘጋ እንጂ ልብን አልለወጠም።

ይህን ስናነብ «የነሱ ጉድ ነው» ብለን አንለፍ። የኛም ታሪክ ተመሳሳይ ገጽ አለው። በ833 ኸሊፋ አል‐መእሙን ዑለማዎችን ቁርኣን ፍጡር ነው ብለው እንዲያምኑ በምርመራ አስገደደ። ኢማም አሕመድ ኢብን ሐንበል እምቢ ብለው ታሰሩ፤ በተከታዩ ኸሊፋ በአል‐ሙዕተሲም ዘመንም ተገረፉ። ጅራፉ የተመዘዘው በሙስሊም መሪ እጅ ነው። የኸሊፋዎቹ አዋጅ ከዓመታት በኋላ ቀረ፤ የኢማሙ ስም ግን ዛሬም በመድረሳዎቻችን ይጠራል።

ውድ አንባቢያን! በሃይማኖት ማስገደድ የለም የሚለው ትምህርት የወረደው ለሌሎች ብቻ አይደለም። ፍትሕም ለወዳጅ ብቻ የሚሰፈር አይደለም፤ የማንስማማበትን ሰው እምነት እንኳ እሱ ባለው ልክ መናገር የፍትሕ መጀመሪያ ነው። ተውሒድ ለመቆም የአርዮስ ምስክርነት አያስፈልገውም። ከጎረቤታችን ጋር ስንነጋገር በእውቀትና በመልካም አኳኋን ይሁን።

አላህ (ሱ.ወ) ሐቅን አውቀን ሐቅን የምንናገር ያድርገን። አሚን።