ከድልብ አናት ወደ ወልዲያ፦ አውቶማቲክ ከባድ መኪናን በሞተር ፍሬን ማውረድ

ከወረታ ተነስቶ በጋሸና በኩል ወልዲያ የሚገባው መንገድ፣ ሕዝቡ ዛሬም «የቻይና መንገድ» የሚለው፣ ድልብ ላይ ከደጋው ጋር ይለያያል። ከዚያ በኋላ ቁልቁለትና ጥምዝ ነው። ከደሴ የሚመጣውም በውጫሌ አድርጎ ወደ ውርጌሳና መርሳ ቆላ ይወርዳል። የድሮ ሹፌሮች ማርሽ ይዞ መውረድን የተማሩት ከፍሪሲዮንና ከካምቢዮ ጋር ሲታገሉ ነው። ማርሹን ራሱ የሚቀይር መኪና ይዞ የሚመጣ ሹፌር ግን ይህን ትግል ስለማያውቀው «ዲ» ላይ አድርጎ መውረድ ይቃጣዋል። አንዳንዱ ካምቢዮ ተዳፋቱንና የጭነቱን ክብደት ይለካል። ከኩርባው ማዶ የግመል ቅፍለት እንዳለ የሚገምተው ግን ሹፌሩ ብቻ ነው።

ነገሩ የሙቀት ጉዳይ ነው። ከነጭነቱ 40 ቶን የሚመዝን መኪና 1000 ሜትር ከፍታ ሲወርድ የሚለቀው ኃይል፣ ጣሪያ ላይ የሚሰቀል ባለ 1000 ሊትር የውኃ ሮቶ ከነሙሉው ያፈላል። ጎማውና ነፋሱ ከዚያ ላይ ጥቂት ይወስዳሉ። የቀረውን በእግር ፍሬን ብቻ ከያዙት ሁሉም ታምቡርና ሸራ ላይ ያርፋል። የጋለ ታምቡር ይሰፋል፣ ሸራውም መንከሱን ይተዋል፤ ያን ጊዜ ፔዳሉን እስከ ወለል ቢረግጡትም መኪናው አይሰማም። የሞተር ፍሬን ይህንኑ ሙቀት በጭስ መውጫና በራዲያተር በኩል ያስወጣዋል።

መጀመሪያ መኪናዎ የትኛው ዓይነት እንዳለው ይወቁ። እንደ አይሱዙ ባሉ ቀለል ያሉ መኪናዎች የተለመደው የጭስ መውጫውን በክዳን የሚያፍነው ነው። በትልልቆቹ ላይ ደግሞ ፒስተኑ አየሩን አምቆ እንደጨረሰ ቫልቩ ተከፍቶ የታመቀውን የሚለቅ ዓይነት አለ፤ ጉልበቱም ከፊተኛው ይበልጣል። ይህን ያሰበው ክሌሲ ከሚንስ፣ በ1931 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ ካሆን በሚባለው መተላለፊያ ፍሬኑ ከድቶት ከባቡር ጋር ከመላተም ለጥቂት የተረፈ ሰው ነው። መሣሪያው ለገበያ የወጣው ግን ከ30 ዓመት በኋላ ነበር።

ሥራው አናቱ ላይ ይጀምራል። ድልብ ላይ ሜዳ ይፈልጉና ያቁሙ፤ የነፋስ ጌጁን፣ ጎማውንና ተሳቢ ካለም የተሳቢውን የፍሬን ቱቦ ይዩ። ከዚያ መኪናው ገና ቀስ እያለ ሳለ ካምቢዮውን ከ«ዲ» ወደ «ኤም» አዙረው ዝቅተኛ ማርሽ ይያዙ። ፍጥነት ካነሳ በኋላ ማርሽ ልቀንስ ቢሉ ካምቢዮው ሞተሩን ለማዳን እምቢ ይላል፣ አንዳንዱም ራሱ ወደ ላይ ይቀይራል። «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚለው የቆየ ምክር ለአሮጌ መኪና ይሠራል። የዛሬው ሞተር ጉልበቱ ብዙ፣ ሰበቃው ትንሽ ስለሆነ ዳገቱን በከፍተኛ ማርሽ ይወጣዋል፤ ሲወርዱ ከዚያ አንድ ወይም ሁለት ማርሽ ዝቅ ማለት ይሻላል።

አሁን እግርዎን ከነዳጁ ያንሱና የሞተር ፍሬኑን ማብሪያ ከዝቅተኛው ደረጃ ይጀምሩ። ነዳጅ ከነኩ ፍሬኑ ይለቃል። ቮልቮ አይ-ሺፍት ላይ «ቢ» የሚለው ቦታ ማርሹን ራሱ ዝቅ እያደረገ ፍሬኑን ያጠነክረዋል። የሞተር ፍሬን ጉልበቱ ዙር ሲበዛ ነው፤ ብዙ ከባድ የናፍጣ ሞተሮች በደንብ የሚይዙት ከ1800 እስከ 2200 ዙር ባለው ነው። ሲጓዙ የለመዱትን አረንጓዴ መስመር አልፎ ሞተሩ ሲጮህ አይደንግጡ። ቀዩን ግን አያስነኩ።

ማርሹ ትክክል ከሆነ መኪናው በራሱ ይረጋል። አሁንም የሚሮጥ ከሆነ በእግር ፍሬን ይርዱት፤ አረዳዱ ግን ፔዳሉ ላይ ተኝቶ መውረድ አይደለም። ልክዎ 30 ኪሎ ሜትር በሰዓት ከሆነ፣ 30 ሲደርስ ጠንከር አድርገው ረግጠው ወደ 22 ያውርዱት፤ ሦስት ሰከንድ ያህል ቢወስድ ነው። ከዚያ ሙሉ በሙሉ ይልቀቁ። ይህን ቶሎ ቶሎ መደጋገም ካስፈለገዎት ማርሹ ከፍ ብሏል፤ በፍሬን ቀንሰው አንድ ማርሽ ዝቅ ያድርጉ።

ናፍጣ ለመቆጠብ ተብሎ በዜሮ ማርሽ መውረድ ከሁሉ የከፋው ልማድ ነው፣ ሒሳቡም አይሠራም። መኪናው ማርሽ ውስጥ እያለ እግርዎ ከነዳጁ ሲነሳ ዘመናዊ ሞተር ናፍጣ መርጨቱን ያቆማል፤ ዞሮ የሚቆየው በመንኮራኩሩ ጉልበት ነው። በዜሮ ሲሆን ግን እንዳይጠፋ ናፍጣ መጠጣት አለበት። የሞተር ፍሬንም በዜሮ አይሠራም። ነዳጅ ለመቆጠብ ራሱ ወደ ዜሮ የሚገባ ካምቢዮ ካለዎት ቁልቁለት ላይ ይህን ያጥፉት።

በክረምት፣ ድልብ ጉም ሲለብስና አስፋልቱ ሲረጥብ፣ የሞተር ፍሬኑን ደረጃ ይቀንሱ። የሚይዘው የኋላ ነጂ ጎማዎችን ብቻ ስለሆነ መኪናው ባዶ ከሆነ ወይም ተሳቢ ከጎተተ ኋላው ሊንሸራተት ይችላል። ኩርባ ውስጥ ሳይሆን ከኩርባው በፊት ይቀንሱ።

ከተማ ሲቀርቡ ሌላ ነገር አለ። አንዳንድ መኪና ላይ የሞተር ፍሬን የኋላ መብራት አያበራም። መርሳ መግቢያ ላይ ከኋላዎ የሚከተል ባጃጅ እየቀነሱ መሆንዎን የሚያውቀው ፔዳሉን ነካ ሲያደርጉ ነው።

የሸራ ሽታ ከመጣ ሜዳ ላይ ቆመው ታኮ ያስገቡና እስኪበርድ ይጠብቁ። ውኃ አያፍሱበት፣ ታምቡሩ ይሰነጠቃል። ወልዲያ ሲገቡም መዳፍዎን ሳያስነኩ ወደ እያንዳንዱ ታምቡር አስጠግተው ሙቀቱን ያወዳድሩ። በሞተር ፍሬን የወረደ መኪና ላይ ሁሉም ለብ ያሉ ናቸው። ከሌሎቹ በጣም የጋለ ካለ ሸራው ይታሰራል፤ ጭራሽ የቀዘቀዘ ካለም ያ ጎማ እየያዘ አልነበረም። ወደ መርሳ ከመቀጠልዎ በፊት መካኒክ ያሳዩት።