ውድ ዋጋ መቼ ይገባል? በጥቂት ቁጥር ለውድድር ሜዳ ስለሚሠሩ መኪኖች

እ.ኤ.አ. በ2014 የአሜሪካው ሼቭሮሌት ካማሮ ዜድ 28 የተባለውን መኪና በ75,000 ዶላር ለገበያ አቀረበ። በዚያው ዓመት፣ ከዚያው ኩባንያ፣ ያንኑ መልክ የያዘው ካማሮ ኤስኤስ ከ35,000 ዶላር ባልራቀ ዋጋ ይሸጥ ነበር። ከእጥፍ በላይ የሚያስከፍለው ምንድን ነው? ክፍያውስ ይገባልን? የዛሬው ትምህርታችን ይህን በሦስት ክፍል ይመረምራል። በመጀመሪያ ገንዘቡ የት እንደሚገባ፣ ቀጥሎ ጥቂትነት ከየት እንደሚመጣ፣ በመጨረሻም መኪናው በማን እጅ ሲሆን ለዋጋው እንደሚበቃ እናያለን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድመን መሠረቱን እንያዝ። መስል ካር የሚባለው ትልቅ ሞተር የተገጠመለት፣ ተራው ሰው ሊገዛው የሚችል የአሜሪካ መኪና ነው። ፖንቲያክ በ1964 ጂቲኦን ሲያወጣ ገዢው 300 ዶላር ገደማ ጨምሮ 325 የፈረስ ጉልበት ያገኝ ነበር። የደመወዝተኛው ልጅ ከባለጸጋው እኩል እንዲፈጥን የሚያደርግ መኪና ነበር። ርካሽነት የዚህ መኪና ጠባይ ስለነበረ፣ ውድ ሆኖ ሲመጣ ምክንያቱን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ይሁንና ሌላም ሥር አለው። ትራንስ አም የተባለው ውድድር የሞተር መጠን ከ5 ሊትር እንዳይበልጥ ደንግጎ ስለነበር፣ የመጀመሪያው ዜድ 28 በ1967 ለዚያ ውድድር ተብሎ ተሠራ። በመጀመሪያው ዓመት የወጡት 602 ብቻ ነበሩ። ማርክ ዶናሂው በሮጀር ፔንስኪ ቡድን ውስጥ ካማሮ እየነዳ በ1968 እና በ1969 ሻምፒዮናውን ለሼቭሮሌት አስገኘ። ስለዚህ በጥቂቱ ተሠርቶ ለሜዳ የሚሰጥ መስል ካር ዛሬ የተፈጠረ ነገር አይደለም።

አንደኛ፦ ገንዘቡ የት ይገባል?

ብዙ ሰው ውድ መኪና ሲያይ ገንዘቡ ሁሉ ለፈረስ ጉልበት የተከፈለ ይመስለዋል። የ2014ቱ ዜድ 28 ይህን ግምት ያርማል። የእሱ 7 ሊትር ሞተር 505 የፈረስ ጉልበት ሲኖረው፣ በጊዜው 20,000 ዶላር ገደማ ይረክስ የነበረው ካማሮ ዜድኤል1 ግን 580 ነበረው። በጉልበት ያነሰው በዋጋ በለጠ። ለምን ቢሉ፣ የውድድር ሜዳ የሚፈትነው ጉልበትን ብቻ ሳይሆን ፍሬንን፣ ጎማን፣ ክብደትንና ሙቀትን ጭምር ስለሆነ ነው።

ነገሩን ረጋ ብለን እንመልከተው። መኪና በቀጥታው መንገድ ያገኘውን ፍጥነት ኩርባው ላይ ሲደርስ መቀነስ አለበት፤ የተቀነሰው ፍጥነትም በፍሬኑ ላይ ሙቀት ይሆናል። ተራ ፍሬን ይህ ሲደጋገምበት እየጋለ ሄዶ መያዝ ያቅተዋል። ለዚህም ነው ዜድ 28 ብሬምቦ የሠራው የካርቦን ሴራሚክ ፍሬን የተገጠመለት፤ ሙቀትን ይችላል፣ ክብደቱም ከብረቱ ያንሳል። ሾክ አብዞርበሮቹ የካናዳው መልቲማቲክ ከውድድር ዓለም ያመጣቸው ናቸው። የፊቱም የኋላውም ጎማ 305 ሚሊ ሜትር ወርድ ያለው ፒሬሊ ትሮፌኦ አር ነው። የሞተሩ ዘይት ደግሞ በተለየ ታንክ ይቀመጣል፤ መኪናው በኃይል ሲታጠፍ ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ሸሽቶ ሞተሩ እንዳይደርቅ ነው።

የተጨመረ እንዳለ ሁሉ የተቀነሰም አለ። ድምፅ ማፈኛው ተነሳ፣ የኋላው መስታወት ሳሳ፣ ኤሲ ተጨማሪ የሚከፈልበት ሆነ። ስፒከር አንድ ብቻ ቀረ፤ እሱም ቀበቶ እንዲታሰር ለማስታወስ ነው። በዚህ ሁሉ መኪናው ከዜድኤል1 በ136 ኪሎ ገደማ ቀለለ። በ2013 በጀርመን፣ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመውን የኑርቡርግሪንግ ዙር በ7 ደቂቃ ከ37 ሰከንድ ጨረሰ። መንገዱ በከፊል እርጥብ ሆኖ ሳለ፣ በ75 የፈረስ ጉልበት የሚበልጠውን ዜድኤል1 በ4 ሰከንድ ገደማ ቀደመው።

ሌላው ምክንያት የሒሳብ ነው። አንድ ኩባንያ ለአንድ ሞዴል ጥናትና ሙከራ 30 ሚሊዮን ዶላር አወጣ እንበል። 100,000 መኪና ቢሸጥ በእያንዳንዱ ላይ የሚያርፈው 300 ዶላር ነው። 1,500 ብቻ ቢሸጥ ግን፣ ገና አንድ ብሎን ሳይጠብቅ 20,000 ዶላር ያርፍበታል። እንግዲህ የመጀመሪያው ደንብ ይህ ነው፤ የተከፈለው ገንዘብ በዕቃው፣ በጥናቱና በሙከራው ውስጥ የሚታይ ከሆነ ሻጩ አላታለለም።

ሁለተኛ፦ ጥቂትነት ከየት ይመጣል?

ጥቂትነት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከሥራው ክብደት የሚመጣ ነው። ከ300,000 ዶላር በላይ የሚጠየቅበት ፎርድ ማስታንግ ጂቲዲ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። አብዛኛው የውጭ አካሉ ካርቦን ፋይበር ነው፤ በካናዳም በመልቲማቲክ ይገጣጠማል። 815 የፈረስ ጉልበት አለው፤ ኑርቡርግሪንግንም ከ7 ደቂቃ በታች ዞሯል። እንዲህ ያለውን መኪና እንደ ተራው ማስታንግ በብዛት ማውጣት አይቻልም።

ሁለተኛው በውሳኔ የሚመጣ ጥቂትነት ነው። ዶጅ የ2018ቱን ቻሌንጀር ዲመን 3,300 ብቻ እንዲሆን ወሰነ። ይህ 840 የፈረስ ጉልበት ያለው መኪና ለቀጥታው የድራግ ውድድር የተሠራ ሲሆን፣ ዋጋው 85,000 ዶላር ገደማ ነበር። ሻጮች ከዚያ በላይ እንዳይጠይቁ ኩባንያው በተለጠፈው ዋጋ ወይም ከዚያ በታች የገዛ ሰው መኪናው ቀድሞ እንዲሠራለት አደረገ። ከዚህ የምንማረው አለ። በተለጠፈው ዋጋ ላይ የሚጨመር ገንዘብ መሐንዲሱ ዘንድ አይደርስም፤ ፍሬን አያጠነክርም፣ ሰከንድም አይቀንስም። ሁለተኛው ደንብ እንግዲህ፦ ለሥራ ክፈሉ፣ ለወረፋ አትክፈሉ።

ሦስተኛ፦ በማን እጅ?

የባለሙያው ድካም በዕቃው ውስጥ መኖሩ ለገዢው ደርሶታል ማለት አይደለም። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በቨርጂኒያ፣ በሰዓት ከ85 ማይል በላይ መንዳት በወንጀል ያስከስሳል። ለሜዳ የተሠራ መኪና ፍሬንና ጎማ የተዘጋጁለት ሥራ ደግሞ በአብዛኛው ከዚያ ፍጥነት በላይ ነው። የሜዳ ጎማው በብርድና በዝናብ መንገድን የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል፤ ጠንካራው ሾክ አብዞርበርም በተቦረቦረ መንገድ ያንገላታል። እንዲህ ያለውን መኪና ገዝቶ ሥራ መመላለሻ የሚያደርገው ሰው የእርሻ በሬ ገዝቶ በደጁ አስሮ እንደሚቀልብ ነው። ከዋሽንግተን ዲሲ ብዙ በማይርቀው በዌስት ቨርጂኒያው ሰሚት ፖይንት ዓይነት ሜዳ በየጊዜው እየወሰደ የሚነዳው ግን የከፈለበትን እያንዳንዱን ክፍል ይጠቀምበታል። ሦስተኛው ደንብ፦ ዋጋው የሚጸድቀው በሥራው ላይ ሲውል ነው።

ጥያቄና መልስ

“በርካሹ ካማሮ ላይ ጥሩ ጎማና ፍሬን ቢጨመር አይበቃምን?” ለሚል፤ ለብዙ ሰው ይበቃል። ጀማሪውን ከማንኛውም ዕቃ በላይ የሚያፈጥነው የአሠልጣኝ ትምህርት ነው። የፋብሪካው መኪና ብልጫው ክፍሎቹ እርስ በርስ ተስማምተው፣ በሜዳ ላይ የ24 ሰዓት ሙከራ አልፈው፣ ከዋስትና ጋር መምጣታቸው ነው። ይህ ብልጫ የሚገባው ሜዳውን ለሚያዘወትር ሰው ነው።

“ነገ ዋጋው ይጨምራል” ለሚል፤ የ1967ቱ መኪኖች የከበሩት ስለተወዳደሩና ስላሸነፉ ነው። ጥቂት ሆኖ የተሠራ ሁሉ ይወደዳል የሚል ሕግ የለም። ለማትረፍ ብቻ የገዛ ሰው የገበያን ዕጣ ገዝቷል፤ ስለ መኪናው ተገቢነት ሊመሰክር አይችልም።

“ለመኪና ይህን ያህል ማውጣት ራሱ በደል አይደለምን?” ለሚል፤ በጥበብ የተሠራ ዕቃ በራሱ ክፉ አይደለም። በደሉ ያለው ለቤተሰብ የሚገባውን በመውሰድ፣ ከአቅም በላይ በመበደርና በሰፈር መንገድ እየከነፉ የሌላውን ነፍስ አደጋ ላይ በመጣል ነው። ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ግንብ ሊያሠራ ስላሰበ ሰው ሲያስተምር፣ ወጪውን አስቀድሞ ማስላት እንደሚገባ አሳይቷል። ለዚህ ገዢም ሒሳቡ በመኪናው ዋጋ አያበቃም፤ ቶሎ የሚያልቅ ጎማ፣ የሜዳ ክፍያ፣ ብዙ መደበኛ ኢንሹራንሶች በሜዳ የደረሰ ጉዳት የማይሸፍኑ መሆናቸውም ይቆጠራል።

ፍርዱ እንግዲህ ይህ ነው። እነዚህ መኪኖች ሠሪው በጠየቀው ዋጋ፣ በሜዳ ለሚነዳቸውና ያለ ጭንቀት መክፈል ለሚችል ሰው ዋጋቸው ይገባል። ለታይታ፣ ለክምችት ወይም በብድር ላይ ብድር ለሚገዛቸው አይገባም። ስለዚህ ወገኖቼ፣ ልባችሁ ወደዚህ ካዘነበለ ከመፈረማችሁ በፊት ዛሬ የምትነዱትን መኪና ይዛችሁ ሜዳ ውጡ፣ ከአሠልጣኝ ተማሩ። የመኪናችሁን አቅም ጨርሳችሁ ከተጠቀማችሁበት በኋላ ውዱን መኪና መጠየቅ ትችላላችሁ፤ ከዚያ በፊት ገንዘባችሁን ያዙ።