በእግሩ ስለሚጓዝ እንግዳ፤ ከኤረር በር ወደ ቡና አገር

የዚህ ሳምንት ትምህርታችን ነጋዴ ብዙውን ጊዜ ከንግድ ስለማይቈጥረው አንድ ሥራ ነው፤ ይኸውም ያለ መሪ በእግሩ እየተጓዘ አገር የሚጎበኝን እንግዳ ማስተናገድ ነው። እንዲህ ያለው እንግዳ መኪና አይከራይም፤ ከፊቱ የሚሄድ አስጎብኚም አይሻም። ካርታና የመንገድ መግለጫ በእጁ ይዞ ቀን ቀን 15 ወይም 20 ኪሎ ሜትር ይራመዳል፤ ማታ ማታ አስቀድሞ በተያዘለት ማረፊያ ያድራል፤ እንዲህ እያለ አምስትም ስድስትም ቀን ይቆያል። ሻንጣው ግን በሌላ መንገድ ቀድሞት ይደርሳል።

ይህ እኛን ሐረሮችን ምን ያገባናል የሚል አንባቢ ቢኖር ወደ ከተማችን የሚመጣውን እንግዳ ልብ ብሎ ይመልከት። ጁገል እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ስሙ ርቆ ተሰምቷል። ነገር ግን በመሥሪያ ቤታችን በኩል ካለፉት እንግዶች አብዛኞቹ ከሰዓት በኋላ ይደርሳሉ፤ ማታ ጅብ ሲቀለብ ያያሉ፤ በማግሥቱ ረፋድ ላይ ጠባብ መንገዶቹንና የራምቦን ቤት ተመልክተው ወደ ድሬዳዋ ይወርዳሉ። ያደሩት አንዲት ሌሊት ብቻ ነው። ከግንቡ ውጭ ያለውን የቡና እርከን፣ የኤረርን ሸለቆና የቁንዱዶን ተራራ የሚያይ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ በዚያ በኩል ያለው ገበሬ ከእንግዳው አንድ ብር እንኳ አያገኝም።

ይህ ሥራ የተደላደለበትን አገር አስቀድመን እንመልከት። አልዛስ የምትባለው የፈረንሳይ ክፍለ ሀገር በራይን ወንዝና በቮዥ ተራሮች መካከል የተዘረጋች ናት። ከተራሮቹ እግር ባለው ተዳፋት ወይን ይተከላል፤ ከወይኑ በላይ ደኑ ይጀምራል፤ ከደኑም በላይ ከብት የሚሰማራበት ገላጣ ሜዳ አለ። ከሁሉ የሚበልጠው ጫፍ ግራን ባሎን ሲሆን ከፍታው 1,424 ሜትር ነው፤ የእኛዋ ሐረር ግን ራሷ ከ1,800 ሜትር በላይ ላይ ስለ ተቀመጠች ተራራ ቸግሮን የምንቀር አይደለንም። ሪክቪር የምትባለው ትንሽ ከተማ እንደ ጁገል የግንብ አጥር ያላት ናት፤ ወይኑም እስከ ግንቡ ድረስ ይጠጋታል።

በዚያ አገር «የወይን መንገድ» የተባለው 170 ኪሎ ሜትር ያህል ጐዳና እ.ኤ.አ. በ1953 ተከፈተ፤ የታሰበውም ለባለ መኪናው ነበር። እግረኛውን የጠቀመው ከዚያ ብዙ አስቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1872፣ የተቋቋመው የቮዥ ማኅበር ነው። የማኅበሩ አባሎች ያለ ደመወዝ በየዱሩ እየዞሩ በዛፍና በድንጋይ ላይ ምልክት ይቀባሉ፤ አንዱ መንገድ ቀይ አራት ማዕዘን፣ ሌላው ሰማያዊ ክብ፣ ሌላው ቢጫ መስቀል ይሆናል። እግረኛው የያዘውን ምልክት ሳይለቅ ቢከተል ካሰበበት ይደርሳል። ዛሬ ማኅበሩ የሚጠብቀው መንገድ 20,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከላይ ከሜዳው ደግሞ ገበሬዎች ምግብ ቤት አላቸው፤ ለእንግዳው የሚያቀርቡትም በአብዛኛው ከራሳቸው ከብትና ጓሮ የተገኘ ነው።

አሁን ወደ ንግዱ አሠራር እንምጣ። እንግዳው ገንዘቡን ለአንድ የንግድ ቤት ባንድ ጊዜ ይከፍላል። ያ ቤት በየመንደሩ ካሉት ማረፊያዎች ጋር አስቀድሞ የተዋዋለ ነው፤ አልጋ ይይዛል፣ ለእያንዳንዱ ባለ ማረፊያ የእንግዳውን ስምና ቀን ይልካል፣ ለእንግዳውም የመንገዱን መግለጫ፣ ካርታና በችግር ጊዜ የሚደውልበትን የስልክ ቁጥር ይሰጠዋል። ጠዋት እንግዳው ሻንጣውን በማረፊያው በር ትቶ ይሄዳል፤ መኪና አንሥቶ ማታ ወደሚያድርበት ያደርስለታል። ባለ ማረፊያው ድርሻውን የሚቀበለው ከንግድ ቤቱ ነው እንጂ በየበሩ ከእንግዳው ጋር ክርክር የለም። እንግዳው የገዛው መንገዱን አይደለም፤ መንገዱማ የማንም ነው። የገዛው ማታ ሲደርስ አልጋው፣ እራቱና ሻንጣው በቦታቸው እንደሚቆዩት የተሰጠውን ቃል ነው።

በአገራችንም ለዚህ የቀረበ ሙከራ ታይቷል። በሰሜን ወሎ በመቄት ወረዳ፣ እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ ባሉት መጀመሪያ ዓመታት «ተስፋ» በተባለው ድርጅት አጋዥነት፣ ገበሬዎች በገደሉ አፋፍ ጎጆ ሠርተው እንግዳውን ከመንደር ወደ መንደር ይቀባበሉት ጀመር፤ ጓዙንም በአህያ ይጭኑለት ነበር። እዚያ ግን መሪ አብሮ ይሄዳል። የወይን ተክል ያለበትን ስፍራ የሚሻ ደግሞ ወደ ዝዋይ ይወርዳል፤ የካስቴል ኩባንያ የተከለው የወይን ጠጅ እ.ኤ.አ. በ2014 ለገበያ ወጥቷል። ነገር ግን ስፍራው ሜዳማ ስለሆነ ለዚህ ዐይነቱ ጉዞ የሚመች አይመስለኝም። ለእኛ በወይኑ ፈንታ የቆመልን ቡናው ነው፤ የከተማችንን ሃይማኖትና ልማድ ለሚያውቅም ይህ የተሻለ ነው። በአልዛስ እንግዳው ከአንዱ ጓዳ ወደ ሌላው እየዞረ ወይን እንደሚቀምስ፣ በእኛ ዘንድ ቡናውን፣ ከቡናው ቅጠል የሚፈላውን ቁጢና ከገለባው በወተት የሚዘጋጀውን ሆጃ እየቀመሰ መሄድ ይችላል።

ኤረር በር፣ ሐረሪዎች አርጎብ በሪ የሚሉት፣ ከጁገል አምስት ጥንታውያን በሮች አንዱ ነው። ፊቱ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ኤረር ሸለቆ ነው። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በጥር 1855 ከዘይላ ተነሥቶ ወደ ሐረር የገባው በዚህ በኩል እንደሆነ ይነገራል። በዚያ ዘመን ከባሕር ጠረፍ ወደዚህ የሚመጣ ነጋዴ ያለ አባን አይንቀሳቀስም ነበር። አባን ማለት ከአገሩ ሰው የተመረጠ ዋስ ነው፤ እንግዳውን ያሳድራል፣ ያስተረጉምለታል፣ በገበያ ይደልልለታል፣ በጐሣው ምድር እንዳይነካም ይቆምለታል። በእንግዳው ላይ የደረሰ ጥቃት በአባኑ ላይ እንደ ደረሰ ይቈጠራል። የባቡሩ ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ከደረሰ ወዲህ የሲራራው ንግድ ስለ ቀዘቀዘ አባንም ከስሙ ጋር ተረሳ።

ይህን ያነሣሁት ተረት ለማውራት አይደለም። «ያለ መሪ» የሚለው ቃል ያሳስታል። መሪ የሌለው እንግዳ ዋስ የማያስፈልገው ይመስለናል፤ እውነቱ ግን ዋስ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው እርሱ ነው። አብሮት የሚሄድ ሰው ስለሌለ፣ ቀድሞ በአንድ ሰው ላይ የነበረው አባንነት በመንገዱ ሁሉ ተከፋፍሎ መቀመጥ አለበት፦ ከፊሉ በወረቀቱ ላይ፣ ከፊሉ በባለ መኪናው፣ ከፊሉ ደጅዋን ከፍታ በምትጠብቀው ባለቤት ዘንድ። ይህን የተማርሁት ከራሴ ስሕተት ነው።

ባለፈው ዓመት በኅዳር ወር አሠሪዬ ቡና የሚልኩላቸው ሁለት የውጭ አገር ሰዎች፣ ባልና ሚስት፣ ወደ ሐረር መጡ። ሥራቸውን ከጨረሱ በኋላ ሦስት ቀን ተርፏቸው ነበርና ከኤረር በር ተነሥተው እስከ ኮረሚ በእግራቸው ብቻቸውን መሄድ ፈለጉ። ኮረሚ ከሐረር በስተ ደቡብ ምሥራቅ 20 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቅ፣ ከኤረር ሸለቆ በላይ የተቀመጠች የአርጎባዎች መንደር ናት፤ ቤቶችዋም የድንጋይ ናቸው። አሠሪዬ «አንቺው ጻፊላቸው» አሉኝ። እኔም ከአንድ ቤተሰብ ጋር ስለ ማደሪያ ተስማምቼ፣ ሻንጣውን የሚያደርስ ባለ ፒክአፕ ተዋውዬ፣ የመንገዱን መግለጫ በሁለት ገጽ ተይቤ ሰጠኋቸው።

በወረቀቱ ላይ «ከትልቁ ዋርካ ወደ ቀኝ ታጠፉ» የሚል ነበረበት። መንገዱን በልጅነቴ እንጂ በቅርብ አልሄድሁበትም ነበር። ትልቅ ዋርካ ሁለት ነው! የታጠፉት ከመጀመሪያው ላይ ነው። የሚጠይቁትም ሰው ቢያገኙ እኔ ዋርካ ያልሁትን የአገሩ ገበሬ በኦሮምኛ ቂልጡ ስለሚለው ወረቀቱን እያሳዩ መግባባት አልቻሉም። ከሁለት ሰዓት መንከራተት በኋላ ከአንድ ሽማግሌ ገበሬ የጫት ማሳ ውስጥ ገቡ። ሽማግሌው አስቀምጠው ውሃና ቂጣ ሰጧቸው፤ ቡናም አፈሉላቸው፤ ከዚያ የልጅ ልጃቸውን አስከትለው ወደ መንገዱ መለሷቸው። እንግዶቹ ገንዘብ ቢዘረጉላቸው አልተቀበሉም።

ይህ ብቻ ቢሆን በሣቅ ባለፈ ነበር። ባለ ፒክአፑ ግን ቀድሞ ሌላ ጭነት ይዞ ሄዶ ኮረሚ የደረሰው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ነው። የሴትዮዋ በየምሽቱ የሚወሰድ መድኃኒት ከሻንጣው ውስጥ ነበረ። ባልየው ያን ምሽት እየደወለ ሲጠይቀኝ የምመልሰው ቃል አልነበረኝም፤ ባለ መኪናው ስልኩን ዘግቶታልና። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሴትዮዋ ጉዳት አልደረሰባትም። በሦስተኛው ቀን ሲመለሱ መልካም አቀባበል እንዳገኙ ተናገሩ፤ ስለ ሻንጣው አንድ ቃል አላነሡም። አሠሪዬ ግን የጓዙን ሒሳብ አስወጥተው ከራሳቸው ኪስ መለሱላቸው፤ ለእኔም «ቡና ናሙናውን ሳይመስል ብንልክ እንዲህ ዝም ይሉን ነበር?» አሉኝ።

እንግዲህ ወረቀቱ እንዴት መጻፍ እንዳለበት ልናገር። ጸሐፊው ወረቀቱን በእጁ ይዞ መንገዱን ራሱ ይሂድበት፤ አገሩን ለማያውቅ ሌላ ሰው ሰጥቶም እንደገና ያስሂደው። ምልክት የሚሆነው ነገር ብቻውን የቆመና ከዓመት ዓመት የማይለወጥ ይሁን፤ ድልድይ፣ መስጊድ፣ ትምህርት ቤት ጥሩ ነው፤ የሱቅ ቀለምና የማሳ አጥር አይታመንም። ርቀቱ በኪሎ ሜትር ብቻ ሳይሆን በሰዓት ይጻፍ፤ ከሸለቆው የሚወጣ ሰው ወደ ሸለቆው ከሚወርድ ሰው እጅግ ይዘገያልና። የቦታው ስም የአገሩ ሰው በሚጠራው ቋንቋ ይመዝገብ። በስተ መጨረሻም «ይህን ካያችሁ አልፋችኋል፤ ተመለሱ» የሚል ቃል በየመታጠፊያው ይጨመር፤ ሰው የሚጠፋው መንገዱን ባለማወቁ ብቻ ሳይሆን መሳሳቱን ቶሎ ባለማወቁ ነው።

ሻንጣን በሚመለከት ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ የመድረሻው ሰዓት ይጻፍበት፤ ክፍያው ከደረሰ በኋላ ይሁን። መድኃኒት፣ ፓስፖርትና ሹራብ ከእንግዳው ትከሻ እንዳይለዩ ከመነሣቱ በፊት ይነገረው። ማደሪያውም ፀሐይ ሳትጠልቅ የሚደረስበት መሆን አለበት፤ ጅባችን በከተማ ቢለመድም በሌሊት መንገድ ላይ ለማያውቀው ሰው ጨዋታ አይደለም።

የኤረር መንገድ ከሐረሪ ክልል ወጥቶ ወደ ኦሮሚያ ስለሚገባ በሁለቱም ወገን ላሉት የቀበሌ ሹማምንት አስቀድሞ ማስታወቅና የዚያኑ ሳምንት የመንገዱን ጸጥታ መጠየቅ ይገባል፤ መልሱ የማያስተማምን ከሆነ እንግዳውን ገንዘቡን መልሶ ማስቀረት ነው እንጂ «ይሞክሩት» ማለት አይገባም። ወቅቱን በተመለከተ ቡናው የሚለቀምበትና በየደጁ ተሰጥቶ የሚደርቅበት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ ከሁሉ ይመረጣል። በክረምት አይሞከርም። ከዚያ ወዲያ ያለው ተራራ፣ በፉኛን ቢራ አጠገብ ያለው ቁንዱዶ ባለ ሜዳ አናቱና የዱር ፈረሶቹ፣ በስተ ምዕራብም 3,381 ሜትር የሚደርሰው ጋራ ሙለታ፣ ለሌላ ሳምንት ይቆየን፤ በእግሬ ያልረገጥሁትን መንገድ ዳግመኛ አልጽፍም።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር አለ። ከአንድ ወር በኋላ ስኳርና ዘይት ይዤ ሽማግሌውን ለማመስገን ሄጄ ነበር። «ልጄ፣ እንግዶችሽ ቡናው የታለ ብለው ጠየቁኝ» አሉኝ። ያ እርከን ሁሉ ቀድሞ ቡና ነበረ፤ እርሳቸው ነቅለው ጫት ተከሉበት። ምክንያታቸውም ግልጽ ነው፤ ቡና በዓመት አንድ ጊዜ ይለቀማል፣ ጫት ግን በዓመት ደጋግሞ ይቆረጣል፤ የተቆረጠ ዕለትም ገንዘቡ በእጅ ይገባል። ከቤታቸው ጓሮ ዐሥራ ሁለት ግንድ ቡና ብቻ ለቤት መጠጫ አስቀርተዋል። ለእንግዶቹ ያፈሉላቸው ከዚያ የተለቀመውን ነው። በአልዛስ ወይኑ ቢነቀል ያን መንገድ ማን ይሄድበት ነበር? አንድ ስኒ ቡና የጫትን ገቢ ይተካል ብዬ ነጋዴዎችን ላታልል አልችልም። ነገር ግን እንግዳ በየሳምንቱ የሚያልፍበት ጓሮ ከሆነ የቀሩትን ግንዶች ለመንቀል የሚቸኩል አይመስለኝም።

ስለዚህ በአሠሪዬ ፈቃድ ከሽማግሌው ጋር ተዋውለናል። መንገዱ ከእንግዲህ ሆነ ተብሎ በእርሳቸው ደጅ ያልፋል፤ እንግዳው በቀትር ያርፋል፤ የቡናውና የቂጣው ዋጋ በእኛ በኩል በየወሩ ይከፈላቸዋል፤ ከእንግዳው እጅ አይቀበሉም። መጀመሪያ እንቢ ብለውኝ ነበር፤ «ቡና ሸጬ አላውቅም» አሉ። የተስማሙት ገንዘቡ በልጅ ልጃቸው ስም ለትምህርት ቤት ደብተርና ልብስ እንዲሆን ነው። አዲሱ ወረቀት አራት ገጽ ሆኗል፤ ሁለቱም ዋርካዎች ከነኦሮምኛ ስማቸው ተጽፈውበታል። ሰኔ ላይ የእኅቴን ልጅ፣ ከኤረር በር ወጥቶ የማያውቀውን፣ ወረቀቱን ብቻ አስይዤ ላክሁት፤ ከሁለተኛው ዋርካ አልፎ ሦስት መቶ እርምጃ ያህል ከሄደ በኋላ ተመለሰ፤ ያችም መስመር ተስተካክላለች። በመጪው ጥቅምት አራት እንግዶች እንጠብቃለን።