ከመሄድ በፊት መቆምን እንማር
(ለአዲስ ሞተር ሳይክል ነጂዎች)

መቼም “የቸኮለች አፍሳ ለቀመች” የሚለውን ተረት የማያውቅ የለም። እኔ ግን ትርጉሙ በደንብ የገባኝ ራሴ አፍሼ ስለቀምኩ ነው። ያፈሰስኩት ደግሞ እህል አልነበረም፤ ጓደኛዬን ነበር።

ያደግኩት ወላይታ ሶዶ ነው። ከተማዋን የሚያውቅ ሰው ሞተር ሳይክል እዚያ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ገበያ በሞተር ይኬዳል፣ የታመመ ሰው በሞተር ይደርሳል፣ ሥራ ያጣ ወጣትም ከዘመድ ተበድሮ ሞተር ገዝቶ ሰው እያመላለሰ ይበላል። ዘንድሮ ታናሽ ወንድሜ 12ኛ ክፍልን ጨረሰና “ለክረምት ስትመጣ ሞተር ታስተምረኛለህ” ብሎ ደወለልኝ። እሺ አልኩት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን አንድ ጥያቄ መጣብኝ። እኔ በተማርኩበት መንገድ ነው እሱንም የማስተምረው? ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ መልስ ስፈልግ የተገኘ ነው።

በአንድ ከሰዓት የተማርኩት

ያስተማረኝ የአክስቴ ልጅ ነው። ቦክሰር ሞተር ነበረችው። አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ኳስ ሜዳ ወሰደኝና “ፍሪሲዮን በግራ እጅህ፣ ማርሽ በግራ እግርህ፣ ጋዝ በቀኝ እጅህ” አለኝ። ሦስት ጊዜ ጠፋችብኝ፤ በአራተኛው ሄደችልኝ። ሜዳውን አምስት ስድስት ጊዜ ዞርኩ። ሦስተኛ ማርሽ ሳስገባ ዳር ቆሞ አጨበጨበልኝና “በቃ ችለሃል!” አለ። ስለ ፍሬን የነገረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። “የፊቱን እንዳትነካ፣ ይገለብጥሃል። በእግርህ ብቻ ያዝ።” ይህን ምክር የሰማሁት እኔ ብቻ አይደለሁም፤ በሰፈራችን ሞተር የተማረ ሁሉ የሚባባለው ይህንኑ ነው።

በአሥራ አንደኛው ቀን ሞተሯን ተዋስኩና ጓደኛዬን ከኋላ ጭኜ ወደ ቦዲቲ በሚወስደው አስፋልት ወጣሁ። ፍጥነቴ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ከፊት ለፊታችን ይመጣ የነበረ ባጃጅ ፍሬቻ ሳያሳይ ወደ ግራው ታጠፈና መንገዱን ዘጋብን። እኔም የተነገረኝን አደረግኩ፤ የኋላውን ፍሬን ባለ በሌለ ኃይሌ ረገጥኩት። የኋላው ጎማ ተቆለፈ፣ ሞተሯ በጎኗ ተንሸራተተች፣ ወደቅን። ባጃጁን እንኳ አልነካነውም። የኔ ክርንና መዳፍ ተላጠ። ጓደኛዬ ግን በአንገቱና በትከሻው መካከል ያለው አጥንት ተሰብሮ ክንዱን በጨርቅ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከረመ። ሄልሜትስ? አንድ ነበረን። እሱም መሪው ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ ትራፊክ ካየሁ ላጠልቀው። ጭንቅላታችን የተረፈው በዕድል ብቻ ነው።

ለረጅም ጊዜ “ጥፋተኛው የባጃጁ ሹፌር ነው” እያልኩ ኖርኩ። ጥፋተኛስ ነው። ይሁን እንጂ የጓደኛዬ እናት ቤታችን መጥተው እናቴን “ልጅሽ ሞተር መንዳት የተማረው መቼ ነው?” ብለው ሲጠይቋት እናቴ የምትመልሰው አልነበራትም።

ጥናቱ ምን ይላል?

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ሳነብ በሞተር አደጋ ዙሪያ ብዙ ጊዜ የሚጠቀስ አንድ የቆየ ጥናት አገኘሁ። ሃሪ ኸርት የሚባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ያካሄዱት ሲሆን ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። ተመራማሪዎቹ በሎስ አንጀለስ አካባቢ ከ900 በላይ የሞተር አደጋዎችን ቦታው ድረስ እየሄዱ መርምረዋል፤ በተጨማሪም 3,600 የፖሊስ የአደጋ ሪፖርቶችን አይተዋል።

ሎስ አንጀለስ የት፣ ሶዶ የት ትሉ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። ነገር ግን ውጤቱን ሳነብ የራሴን ታሪክ የማነብ መሰለኝ። ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ/ አደጋ ከደረሰባቸው ነጂዎች 92 በመቶ የሚሆኑት ሞተር የተማሩት በራሳቸው ወይም ከቤተሰብና ከጓደኛ ነው።

2ኛ/ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አደጋ ባደረሰችባቸው ሞተር ላይ ያላቸው ልምድ ከአምስት ወር በታች ነው። ሌላ ሞተር ለዓመታት የነዱ እንኳ አሉባቸው። ስለዚህ የተዋስናት ሞተር ሁሉ ለኛ አዲስ ናት ማለት ነው።

3ኛ/ ሞተሩ ከሌላ ተሽከርካሪ ጋር ከተጋጨባቸው አደጋዎች ሁለት ሦስተኛው የደረሱት ሌላው ሹፌር ቅድሚያ ከልክሎ ነው።

4ኛ/ አደጋው መምጣቱ ከታወቀበት እስከ ግጭቱ ነጂው ያለው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ሰከንድ ያነሰ ነው።

5ኛ/ በነዚያ ሁለት ሰከንዶች ውስጥ ብዙዎቹ የኋላ ፍሬን ከመጠን በላይ ረግጠው ጎማውን ያንሸራትታሉ፤ የፊቱን ግን በሚገባ አይጠቀሙበትም።

አምስተኛውን ሳነብ ደነገጥኩ። ባጃጁ ቅድሚያ ከለከለኝ፤ እውነት ነው። ጓደኛዬን የጣለው ግን የኔ እግር ነው።

ፍሬን እንዴት ይያዛል?

ሚኒባስ ድንገት ፍሬን ሲይዝ ተሳፋሪው ሁሉ ወደ ፊት እንደሚወረወር ታውቃላችሁ። ሞተርም ላይ እንደዚያው ነው። ፍሬን በያዝን ቁጥር ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል። የፊት ጎማ መሬቱን አጥብቆ ይጫናል፣ የኋላው ደግሞ ይቀላል። የቀለለ ጎማ በቀላሉ ይቆለፋል፣ የተቆለፈ ጎማ ይንሸራተታል። በዚህ ምክንያት በደረቅ አስፋልት ላይ ሞተርን ከሚያቆመው ኃይል 70 በመቶ ያህሉ የሚገኘው “እንዳትነካ” ከተባልኩት ከፊት ፍሬን ነው።

የአክስቴ ልጅ ግን ጨርሶ ተሳስቷል ማለት አይደለም። የፊት ፍሬን በድንጋጤ አንዴ ጭምድድ ከተደረገ፣ ኮረት ላይ ከተያዘ፣ ወይም መሪው ታጥፎ እያለ ከተያዘ በርግጥ ይጥላል። መፍትሔው ግን ፍሬኑን መተው ሳይሆን አያያዙን መማር ነው። አያያዙ እንደ ሎሚ አጨማመቅ ነው፤ መጀመሪያ ለስለስ፣ ክብደቱ ወደ ፊት ሲመጣ ጠበቅ፣ ከዚያ ይበልጥ ጠበቅ። የኋላው ፍሬን አብሮት በመጠኑ ይረገጣል። የፊት ጎማ ከተንሸራተተ ወዲያው ለቆ እንደገና በቀስታ መያዝ ነው። ዓይን ደግሞ ሩቅ ማየት አለበት፤ ከጎማው ሥር ማየት ሚዛን ያሳጣል።

አሁን ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ሰው አደጋ አይቶ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሰከንድ ይፈጅበታል እንበል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር በዚያ ሰከንድ 8 ሜትር ይጓዛል፤ ሁለቱም ፍሬኖች በደረቅ አስፋልት በደንብ ከተያዙ ለመቆም ሌላ 6 ሜትር ገደማ ይፈልጋል። በድምሩ 14 ሜትር። በ60 ሲሆን ግን 17 ሜትር ሲደመር 23 ሜትር፣ በድምሩ 40 ሜትር ይሆናል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ፍሬን ከተያዘ በኋላ የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ያድጋል ማለት ነው። በኋላ ፍሬን ብቻ ከሆነ ደግሞ እሱም ራሱ እጥፍ ገደማ ይሆናል።

መለማመጃው ቀላል ነው። መኪና የማይገባበት ደረቅና ጠንካራ መሬት እንፈልግ፤ ሣር ወይም ኮረት አይሁን። አንድ ምልክት እናስቀምጥ። በ20 መጥተን ምልክቱ ጋ ስንደርስ ፍሬን እንያዝና የት እንደቆምን እንይ። አሥር ጊዜ። ከዚያ በ30፣ ሌላ ቀን ደግሞ በ40። እጃችን ሳያስብ እስኪሠራው ድረስ ማለት ነው፤ ምክንያቱም በሁለት ሰከንድ ውስጥ ለማሰብ ጊዜ የለም።

ሌላው ሰው አላየንም ብለን እንንዳ

ሞተር ትንሽ ናት። ሹፌር በልማድ መኪና ነው የሚፈልገው፤ ሞተሩን እያየው አያየውም። ስለዚህ፦

ቀንም ቢሆን የፊት መብራት ይብራ። መስቀለኛ መንገድና መታጠፊያ ላይ ፍጥነት እንቀንስ፤ ጣታችንም የፊት ፍሬኑ ላይ ይሁን። ከጭነት መኪና ጎን ተለጥፈን አንሂድ። የሹፌሩን ፊት በስፖኪዮው ውስጥ ካላየን እሱም አያየንም። ከፊታችን ካለው ተሽከርካሪ ቢያንስ ሦስት ሰከንድ እንራቅ። ባጃጅና ሚኒባስ ለተሳፋሪ ሲሉ የት እንደሚቆሙ ራሳቸውም አያውቁትም።

ጉድጓድ ስናይ ደግሞ ዓይናችን እዚያው ይተከላል፣ ሞተሩም ቀጥ ብሎ ወደሚታየው ነገር ይሄዳል። የምናየው ጉድጓዱን ሳይሆን ማለፊያውን ይሁን። ዝናብ ሲጀምር የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች አደገኞች ናቸው፤ አስፋልት ላይ የከረመው ዘይትና አቧራ ከውሃው ጋር ተቀላቅሎ ያንሸራትታል። እርጥብ ኮብልስቶን ላይም እንዲሁ። ከብት መንገድ ካቋረጠ አንዱ ስላለፈ አለፈ አይባልም፤ ሌላው ይከተለዋል።

መሪው ላይ የተሰቀለው ሄልሜት

“ሎረንስ ኦፍ አረቢያ” የሚለውን ፊልም ያያችሁ ትኖራላችሁ። እውነተኛው ቲ.ኢ. ሎረንስ የሞተው በጦርነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1935 እንግሊዝ አገር በሞተር ሲሄድ ብስክሌት የያዙ ሁለት ልጆችን ላለመግጨት ሲል ወደቀ፤ ጭንቅላቱ ተጎድቶ በስድስተኛው ቀን ሞተ። ሄልሜት አላደረገም ነበር። ካከሙት ሐኪሞች አንዱ የጭንቅላት ቀዶ ሕክምና ባለሙያው ሂው ኬርንስ ነበሩ። እሳቸውም ከዚያ በኋላ መልእክት በሚያመላልሱ ወታደር ሞተረኞች ላይ የሚደርሰውን ጉዳት አጥንተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1941 አሳተሙ። የእንግሊዝ ጦርም በዚያው ዓመት ሞተር ነጂዎቹን ሄልሜት እንዲያደርጉ አስገደደ።

እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ፣ 61 ጥናቶችን አንድ ላይ የገመገመ ጽሑፍ ደግሞ ሄልሜት የመሞት ዕድልን በ42 በመቶ፣ ጭንቅላት ላይ የመጎዳት ዕድልን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ይህ ግን ራስ ላይ ሲሆን ነው። ማሰሪያው ያልታሰረ ሄልሜት በመጀመሪያው ምት ወልቆ ይሄዳል። ለክቶ መግዛት ያስፈልጋል፤ ራስን ግራና ቀኝ ስንነቀንቅ አብሮ መዞር አለበት እንጂ ብቻውን መዋለል የለበትም። አንዴ አደጋ ላይ የተመታ ሄልሜት ውጭው ደህና ቢመስልም ውስጡ ያለው ስፖንጅ መሰል ነገር ሥራውን ስለጨረሰ መቀየር አለበት። ከኋላ ለሚቀመጠውም ሁለተኛ ሄልሜት ያስፈልጋል። ሁለተኛ ከሌለን ሁለተኛ ሰው አንጫን። አዲስ ነጂ ደግሞ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ጭራሽ ሰው ባይጭን ይመረጣል፤ የሰው ክብደት ሲጨመር ሚዛኑም ፍሬኑም ሌላ ይሆናል።

ከመነሳታችን በፊት

ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት የጎማውን ንፋስ፣ የካቴናውን መርገብ፣ ሁለቱን ፍሬኖች፣ መብራቱንና ፍሬቻውን ማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። የጎን ማቆሚያው መታጠፉን አንርሳ፤ ሳይታጠፍ የተነሳ ሞተር ወደ ግራ ሲታጠፍ መሬት ነክቶ ይጥላል። እናቶቻችንን ስንጭን ደግሞ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው እንዲቀመጡበት እንንገራቸው። የነጠላ ጫፍ ካቴና ወይም ጎማ ከያዘው ሰውየውን ጎትቶ ነው የሚጥለው። ጫማ የሚሸፍን፣ ሱሪ ወፍራም ይሁን፤ አስፋልት ለቆዳ አያዝንም።

ማጠቃለያ

በክፍል ውስጥ የአደጋ ዜና አጻጻፍ ስንማር “የት፣ መቼ፣ ስንት ሰው” ማለትን ተለማምደናል። “እንዴት ሊቀር ይችል ነበር” የሚለው ግን ለዜናው ቦታ አይበቃውም። እኔ ይህንን ጽሑፍ የጻፍኩት ለዚያ ለቀረው ጥያቄ ነው።

ለወንድሜ የማስተምርበትን ቅደም ተከተል ጨርሻለሁ። በመጀመሪያው ቀን ሞተሩ አይነሳም፤ እየገፋን ሁለቱን ፍሬኖች በእጁና በእግሩ ይለማመዳል። በሁለተኛው ቀን በአንደኛ ማርሽ ይሄዳል፣ ይቆማል፤ ይሄዳል፣ ይቆማል። ሦስተኛ ማርሽ የሚያስገባው ምልክቱ ጋ አሥር ጊዜ ሳይንሸራተት ከቆመ በኋላ ነው። መንጃ ፈቃድ ሳያወጣ አስፋልት አይወጣም። የማጨበጭብለት ሲሄድ ሳይሆን ሲቆም ነው።

ያ ከኔ ጋር የወደቀው ጓደኛዬም ሜዳው ላይ መጥቶ ምልክቱን እንዲያስቀምጥልን ጠይቄው እሺ ብሎኛል። “እኔ ግን አልሳፈርም” ነው ያለው። አልፈርድበትም።

ቸር እንሰንብት።