ክረምቱን ቤት የሚማር ልጅ ደጅ እንዲውል

ትምህርት ቤት ሲዘጋ የአዲስ አበባ ወላጅ ወይ አስጠኚ ይቀጥራል፣ ወይ ራሱ ደብተር ይዞ ይቀመጣል። የኮንዶሚኒየም ልጅ ታዲያ ሁለት ወር ሙሉ ከቴሌቪዥን ጋር መፋጠጡ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላለ ልጅ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ የሰውነት እንቅስቃሴ ይመክራል። ይህን ሰዓት ለማግኘት ደጅ መውጣትን የጥናት ሽልማት አያድርጉት። «ጨርስና ትወጣለህ» የተባለ ልጅ ሲጨርስ ዝናቡ ይጀምራል።

1. ዝናቡን ይቅደሙት። በክረምት አብዛኛውን ጊዜ ጠዋት ፈካ ይላል፣ ከሰዓት በኋላ ይዘንባል። ከቁርስ በኋላ እስከ 4 ሰዓት ያለው ጊዜ ጥሩ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ግድም ላይ ስለሆነች የቀትር ፀሐይዋ ትለበልባለች፤ በቀትር የሚወጣ ልጅ ኮፍያ ያድርግ።

2. መኪና የማያልፍበት ቦታ ይምረጡ። ኮሚናሉ ፊት ለፊት ወይም በብሎኮቹ መካከል ይሆናል። ከጎረቤት ጋር ተራ ገብተው ቢጠብቁ ሥራም አይበደልም።

3. ትምህርቱን ይዘው ይውጡ። ለትንንሾቹ በጠመኔ ሰባት ቤት ያለው ሰኞ ማክሰኞ ያስምሩና ከ«ሀ» እስከ «ሆ» ይጻፉበት፤ ልጁ የዘለለበትን ፊደል ጮክ ብሎ ይጥራ። ማባዛት ላይ የደረሱት ሱዚ ሲዘሉ በሰባት በሰባት ይቁጠሩ።

4. ለትልልቆቹ የዝናብ መለኪያ ያሠሯቸው። ጎኑ ቀጥ ያለ ባዶ የሃይላንድ ፕላስቲክ አንገቱን ቆርጠው ገልብጠው እንደ ማጥለያ ይክተቱበት። ታቹ ጎርባጣ ስለሆነ ጎኑ ቀጥ እስከሚልበት ድረስ ውኃ ይሙሉና እዚያ ላይ ዜሮ ብለው ምልክት ያድርጉ። ከዚያ በላይ ያለውን በየማለዳው በማስመሪያ ይለኩና ወደ ምልክቱ ይመልሱት። አንድ ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው፤ የግቢውን ስፋት ከለኩ ስንት ሊትር እንደወረደበት ያሰሉታል።

ፀሐይ በወጣ ቀን ደግሞ ቀጥ ያለ ዱላ ይትከሉ። በሐምሌ ጥላው የሚያጥረው ወደ 6 ሰዓት ተኩል ግድም ነው፤ የሚወድቀውም ወደ ደቡብ ነው፣ ፀሐይዋ በዚያ ወቅት በሰሜን በኩል ስለምታልፍ። በነሐሴ ማብቂያ ግድም ከዱላው ስር ገብቶ ሊጠፋ ይደርሳል፣ ከዚያ ወደ ሰሜን ይዞራል። መጽሐፍ ላይ ካለው ሥዕል ይህ ይሻላል ባይ ነኝ።

5. አያት «ብርድ ይመታዋል» ማለታቸው አይቀርም። ጉንፋን የሚመጣው ከቫይረስ ነው፤ መስኮቱ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ደግሞ በቀላሉ ይተላለፋል። ቢሆንም የእማማም ቃል ይከበር፦ ሹራብ ይልበስ፣ የረጠበ ካልሲ ቶሎ ይቀየር።

6. ቅዳሜ ራቅ ይበሉ፤ ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ወይም እንጦጦ። ልጁ የጽድ፣ የወይራና የባሕር ዛፍ ቅጠል እያሸተተ ይለይ። ጭቃ የማይፈራ ጫማና ትርፍ ልብስ ይያዙ፤ ታክሲ ከመግባታችሁ በፊት ጫማው ይጠረግ።