የትምህርት ክፍል ምርጫና የወላጅ ሥጋት፦ ከእነዋሪ አንጻር አጭር ምልከታ

የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት በ2012 ዓ.ም. ከተመለሰ ወዲህ፣ ተማሪው የትምህርት ክፍሉን የሚመርጠው ከቤቱ ርቆ በግቢ ውስጥ ነው። ይሁን እንጂ ቅጹ ከመሞላቱ በፊት ወደ ቤት ስልክ ይደወላል። «ይህን ተምረህ ማን ይቀጥርሃል?» የሚለው ጥያቄ የሚነሣውም ያን ጊዜ ነው። ይህን የወላጅ ጫና ብሎ ማለፍ ይቀናናል፤ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ግን ስሌት ነው ባይ ነው።

እነዋሪ የሞረትና ጅሩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። አካባቢው በመረሬ አፈሩ፣ በጤፉ፣ በስንዴውና በድልብ ሰንጋው ይታወቃል። ሰንጋ አድላቢ ለመኖ የሚያወጣውን ወጪና የበዓሉ ገበያ የሚደርስበትን ቀን አስልቶ ይገባበታል፤ ልጁን ለዓመታት ሲያስተምር ስለ ገበያው ቢጠይቅ የሚያስገርም አይደለም። በደርግ ዘመን ምሩቅን መንግሥት ሥራ ይመድበው እንደነበር ያስታውሳል። ያ ዋስትና ቀርቷል፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግድ ሆኗል።

ነገሩ የሚወሳሰበው ልጁ የእንስሳት ወይም የአፈር ሳይንስ ሲመርጥ ነው። አባት «ከጭቃ እንድትወጣ እንጂ እንድትመለስ አላስተማርሁህም» ይላል። የእነዋሪ ማሳ ግን ለምርምር እንግዳ አይደለም። በ1970ዎቹ መጨረሻ ዓለም አቀፉ የአፍሪካ እንስሳት ማዕከል (ኢልካ) ከአገር ውስጥ ተቋማት ጋር በመሆን፣ ከመረሬ ላይ ትርፍ ውኃ የሚያጠነፍፍ በበሬ የሚጎተት መሣሪያ ከሞከረባቸው ቦታዎች አንዱ ነበር፤ አርሶ አደሩ ቀድሞውንም ይህን መደብና ቦይ በእጁ ይሠራ ነበር። አባት ግን ከዚህ ሁሉ ሙያ ደመወዝ ሲበላበት የሚያየው የቀበሌውን የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ብቻ ነው። በደብረ ብርሃን ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ከደጁ አይታይም።

ያም ሆኖ መረጃ ብቻውን ክፍት የሥራ መደብ አይፈጥርም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ 70 በመቶ ተማሪ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲገባ ሲወሰን፣ ምህንድስና የወላጅ ሁሉ ምኞት ሆኖ ነበር። ኋላ ሥራ ፈላጊ መሐንዲስም በዛ። ለካ «ሥራ ያለው ትምህርት» ከምርቃት በፊት ይለወጣል።

ስለዚህ እያንዳንዱ የትምህርት ክፍል ምሩቃኑ የት እንደ ተቀጠሩና ሥራ ለማግኘት ስንት ወር እንደ ፈጀባቸው፣ ቁጥሩ የሚያሳፍር ቢሆን እንኳ፣ ቅጹን ከማስሞላቱ በፊት ሊያሳውቅ ይገባል። ያን ጊዜ ተማሪው ስልኩን ሲያነሣ ለአባቱ የሚነግረው ነገር ይኖረዋል።